ለቅርጫ የተሰጠው ጠጠር

ወገዳ ላይ «የጠጠሩ መምህር» ካላችሁ ሕፃን ልጅ እንኳ የይርዳውን ቤት ያሳያችኋል። ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። ከአራት ዓመት በፊት ለትምህርት ቤቱ በእርዳታ ከመጣ የመጽሐፍ ካርቶን ሥር ሰባት ዳይስ አገኘ። ሉዶ ላይ የምንወረውረውን ባለ ነጥብ ኩብ የሚመስለው አንዱ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ባለ አራት ገጽ፣ ባለ ስምንት፣ እያለ እስከ ሃያ የሚደርሱ ጉዶች ናቸው። ሰው «ጠጠር» እያለ ሳቀ፤ እሱ ግን ልቡን ሰጣቸው።

ቴሌግራም ላይ ከዳይስ ሰብሳቢዎች ቡድን ገብቶ መለየቱን ተካነበት። ስድስትና ዘጠኝ እንዳይምታቱ ከሥራቸው መስመር ይፈልጋል፤ አንድ ወገኑ የከበደውን አታላይ ዳይስ ጨው በበዛበት ውኃ አንሳፍፎ ያጋልጣል። የሚያስቸግሩት ሁለቱ ባለ ዐሥር ገጾች ነበሩ። ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ሌላው ከድርብ ዜሮ ጀምሮ ዐሥር፣ ሃያ እያለ እስከ ዘጠና ይቆጥራል። አብረው ሲወረወሩ ከመቶ ቁጥር አንዱን ይሰጣሉ። ከገና በኋላ ባለው ሰኞ ደብረ ታቦር ላይ በሚከፈተው የትምህርት መርጃ ኤግዚቢሽን የሚያቀርበው ይኼንኑ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አመልክቶ የተመረጠው ገና ዘንድሮ ነበር።

ዳይሶቹን የሚያኖርበትን ሳጥን ግን ቆልፎ አያውቅም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የገና ዕለት ረፋድ ላይ ቢከፍተው ስድስት ናቸው።

«ዓለሚቱ፣ አንዱ ጠጠር የት ገባ?»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና መለሰች። «ለቅርጫው ዕጣ ሰጠሁት።»

የቅርጫ በሬ ሥጋ በየመደቡ ከተከፋፈለ በኋላ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ አንድ ምልክት ያዋጣል፤ ጭራሮም፣ ባቄላም ይሁን። የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምልክትህ ያረፈበት ሥጋ ያንተ ነው።

«ደጁ በሙሉ ጠጠር ሆኖ ሳለ የኔን?»

«ለፋሲካ የኛ ጠጠር ከጎረቤቶቻችን ከነስንዱ ጠጠር ጋር ተምታቶ ስንት ንትርክ ሆነ! ይኼ ከሩቅ ይለያል። ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት አሉህ፤ አንዱን ትቼልሃለሁ።»

ይርዳው ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ዕጣ ጣዩ አያ አስማረ ግቢ ደረሰ። ሽማግሌው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«አያ አስማረ፣ የኛን ዕጣ አላዩትም?»

ከኪሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «እንካ ልጄ። እንዴት አስቸገረኝ መሰለህ! ባስቀመጥሁት ቁጥር እየተንከባለለ የሰው መደብ ላይ ይሄድብኛል። ኋላ ሰው ይጣላል ብዬ ሥሩን በቢላ ቆረጥ አደረግሁለትና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።»

ምን ይበላቸው? ያደረጉት ሰው እንዳይበደል ብለው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ወጣ፤ አመስግኖ መውጣቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሰባ። እንደገና ወረወረው፤ ሰባ። አምስት ጊዜ ቢወረውረው አራት ጊዜ ሰባ ወጣ። ይኼን ይዞ የዞኑ መምህራን ፊት ሊቆም? እሱ ራሱ ቢያገኘው «አታላይ ነው» ብሎ የሚጥለው ዳይስ ሆኗል።

«አንቺ ሴት፣ ምን በድዬሽ ነው? ቁጥሩን እንኳ አታዪም ነበር?»

ዓለሚቱ ቢላዋዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «ለተማሪዎችህ ታስረዳለህ። ስልክህ ላይ ላሉት፣ ዓይናቸውን አይተህ ለማታውቃቸው ሰዎች፣ እሑድ እንኳ ሳይቀር ስትጽፍ ትውላለህ። እኔን አንድ ቀን ‹ነይ፣ ይኼ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው› ብለኸኝ ታውቃለህ? አትንኪ ነው ያልኸኝ።»

ይርዳው ሳጥኑን ወደ ራሱ ሳበና ባለ አራት ገጹን አወጣ።

«ይኼ እንግዲህ...» ብሎ ጀመረ።

«ሥጋው ሳይበላሽ ልዘልዝለው» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።