ባለቤት ያጣው የደም ውጤት

መርሳ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ሽንኩርት ጭኗል። ቦርሳዬ ውስጥ የወንድሜ የአያሌው ደም የደረቀበት ካርድ አለ። አምና አንድ ኩላሊቴን ሰጥቼዋለሁ። ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚወስደው መድኃኒት ለበሽታ ስለሚያጋልጠው በየሁለት ሳምንቱ ቤት ውስጥ ጣቱን እየወጋን ደሙን ካርድ ላይ እናንጠባጥባለን። እኔ ወልድያ አደርሰዋለሁ፤ ምርመራው አዲስ አበባ ነው። ያለፈው ውጤት አልመጣም። በጦርነቱ ስልክ ተቋርጧል፤ ደውሎ መጠየቅ የለም።

ስሪንቃ፣ 1 ሰዓት

ፍተሻ። ወታደሩ ካርዱን አገላበጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የታመመ ወንድሜ ደም።"

"ኧረ ጌታዬ፣ ኩላሊቷን የሰጠች ልጅ ናት!" አለ ሾፌሩ። አገሩ ሁሉ ጉዳዬን ያውቃል። ወታደሩ ካርዱን ጠርዙን ይዞ መለሰልኝ።

ወልድያ፣ 3 ሰዓት

ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው፤ ባጃጅም ጥቂት። ካርድ የሚረከበው የላብራቶሪ ባለሙያ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አየ።

"አያሌው የሚባል የለም። ባለቤት ያጣ አንድ ውጤት አለ፤ ወልደ ሚካኤል ይላል።"

ክው አልኩ። የወንድሜ የክርስትና ስም ነው። ያለፈውን ካርድ የጻፉት አባቴ ናቸው፤ ለታመመ ሰው ጸሎት ሲያስይዙ ለቄስ የሚሰጡት ያንን ስም ነውና ለሐኪምም ያው መስሏቸዋል።

"በአፍ ብቻ አልሰጥም" አለ ባለሙያው። አልፈረድኩበትም። ሁለቱ ካርዶች ከአንድ እሽግ ስለወጡ ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ ውጤቱ ላይ ያለውን ካመጣሁት ካርድ ጋር አስተያይቶ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ኩላሊት የሚጎዳ ቫይረስ ጨምሯል። የማታው መድኃኒት ሳይውል ሳያድር በግማሽ ይቀነስ ይላል። ከተጻፈ አስር ቀን አልፎታል! ፈራሁ፤ በአባቴም ተናደድኩ።

ወልድያ መናኸሪያ፣ 9 ሰዓት

የጦር መኪና እስኪያልፍ መንገዱ ተዘግቷል። ሙዝ በዳቦ በላሁ። አያሌው መድኃኒቱን የሚውጠው 12 ሰዓት ላይ ነው።

መርሳ፣ ለ12 ሩብ ጉዳይ

ከመኪና ወርጄ ሮጥኩ። አያሌው ሁለቱን ኪኒኖች መዳፉ ላይ አድርጎ ውሃ ሊያነሳ ነው።

"ቆይ! አንዱ ይቅር!"

የሆነውን ነገርኳቸው። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔው ነኛ ልጄን በስሙ ያስጠፋሁት።"

አያሌው አንዱን ዋጠ።

"አልጠፋሁም፣ አባዬ። ካርዱ ላይ አያሌው ይበሉኝ፤ ሚካኤል ዘንድ እንደወደዱ ይጥሩኝ።"

አባቴ የቀረችውን ኪኒን ወደ ብልቃጡ መልሰው ክዳኑን ደጋግመው አጠበቁ።