የምረቃዬ ማርቃ

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት የምረቃ ጥሪ ይዞ መጣ። ጋዋን፣ ቆብ፣ ኬክ፣ ፎቶ አንሺ፤ ገና የጫማውን ክር ማሰር ላልቻለ ልጅ! «አሁንስ በዛ!» ብዬ ማጉረምረም ስጀምር እናቴ ከሶፋው ጥግ ቀና አለችና፣ «ምረቃ ነው ያልሽው? ታዲያ ማርቃውን ማን ያገነፋል?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እኛ ቤት ይህ ቃል ያለ ሳቅ ተነስቶ አያውቅም። እስቲ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ያደግኩት ከአምቦ ራቅ ባለችው ደጋ፣ ሸነን ነው። ሸነንን የምታውቁ ክረምቷንም ታውቃላችሁ፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ጉሙ የጎረቤትን ቤት ይደብቃል። አባቴ ጠባብ መሬት ላይ ገብስ ያርሳል፣ እናቴ አዴ ዲንቄ በገበያ ቀን ቅቤ ትሸጣለች። ቤታችን ከልጅ በቀር የተትረፈረፈ ነገር አልነበረውም። እኔን ያስተማረኝ ቤተክርስቲያናችን ለድሃ ልጆች የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ደብተሩን፣ ዩኒፎርሙን፣ የልብስ ሳሙናውን ሳይቀር ይሰጠን ነበር። ትምህርቱ ግን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ጎበዝ የተባሉትን ቤተክርስቲያኑ አምቦ ልኮ፣ ቤት ተከራይቶላቸው ያስተምራል፤ ወላጅ ከፈቀደ ነው ታዲያ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ እኔም ከተመረጡት አንዷ ሆንኩ። አባቴ ግን እንቢ አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «ሴት ልጅ ብቻዋን አምቦ ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን የት ብዬ እጮኻለሁ?» ይል ነበር፤ ፍርሃቱ የምር ነበር። በዚያ ላይ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ፣ ወተት ከቤታቸው የማይጠፋ ባለ ከብት ለልጃቸው ጠይቀውኝ ነበር። አባቴ «ጠግባ ታድራለች» አለና ተስማማ። ሽማግሌ የሚመጣው ምረቃው እንዳለፈ ነው ተባለ። አልፎ ተርፎም «ስምንተኛ የጨረሰች ልጅ ነው የምሰጥዎት፣ መጥተው ይዩልኝ» ብሎ ኦቦ ቱሉን ለምረቃዬ ጠራቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቅሏን እየወዘወዘች ወተቷን መናጥ ቀጠለች። እኔ ውሃ ልቀዳ ወንዝ በወረድኩ ቁጥር አለቅሳለሁ፤ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ልብ አልለውም። ከአባቴ እንቢታ ይልቅ ያንገበገበኝ የእሷ ዝምታ ነበር። ምናለ አንዴ እንኳ «ተዋት» ብትለው!

ምረቃው ሰኔ መጨረሻ ላይ ሆነ። ጋዋናችንን የቤተክርስቲያኑ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ መጋረጃ ቆርጦ፣ ጥቁር ቀለም ነክሮ ነው የሰፋልን። ታዲያ ዝናቡ ስላልማረን ቀለሙ ለቀቀና አንገታችን ሁላ ከሰል መሰለ። ቆባችን ካርቶን ነው፤ እሱም ረጥቦ ጆሯችን ላይ ወድቋል። ብቻ ኩራታችን! ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ተቆርሷል፣ የገብስ ቆሎ ቀርቧል፣ ለስላሳው አንድ ጠርሙስ ለሁለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ስለነበሩ ፕሮግራሙ የሚመራው በአማርኛ ነበር።

ዳይሬክተራችን ንግግር እያደረጉ ሳለ የአዳራሹ በር ተከፈተና እናቴ ገባች። በሁለት እጇ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ጣባ ታቅፋለች። ጨርቁን ገለጥ ስታደርገው እንፋሎቱ ተነሳ፤ የቅቤና የበርበሬ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ገንፎ! መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤ የተሞላ፣ የአራስ ገንፎ!

«ማን ወለደ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ዳይሬክተሩ ግራ ገብቷቸው፣ «አዴ ዲንቄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሏት።

«ማርቃ ነዋ!» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «ዛሬ ማርቃ ነው አላላችሁም እንዴ?»

ጉድ ፈላ! ለማያውቅ ልንገር፤ በእኛ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ማርቃ ማለት ገንፎ ነው። ምረቃ ሲሏት ማርቃ ብላ ሰማች ተብሎ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ ለእንግዶቹ ያስረዳሉ። አባቴ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ግን ቅንጣት አላፈረችም። ሳቁን ሰንጥቃ በቀጥታ የፊት ወንበር ላይ ከአባቴ ጎን ወደተቀመጡት ኦቦ ቱሉ ሄደችና የቀንድ ማንኪያ አስጨበጠቻቸው። በአገራችን የአራስ ማርቃ የቀረበለት ሰው እንቢ አይልም፤ የቀመሰ ደግሞ ሳይመርቅ አይነሳም። ኦቦ ቱሉ ዛቅ አድርገው ጎረሱ። ቅቤው ጺማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ እንደ ወጉ ቀኝ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤

«ጉደዱ! እደጊ! እግዜር ያሳድግሽ!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። ድምፅዋን እንዲያ ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። «አባ ሌሊሴ፣ ሰማህ?» አለችው በኦሮምኛ፣ በእኔ ስም ጠርታ። «ኦቦ ቱሉ ‘እደጊ’ ብለው መረቁልኝ። ልጄ ዛሬ ተወለደች። ማርቃዋ ገና ላልቀዘቀዘ ልጅ ባል ይፈለጋል እንዴ? መጀመሪያ ትደግ እንጂ!»

አባቴ ኦቦ ቱሉን ያያል፣ ኦቦ ቱሉ ማንኪያውን ያያሉ። በመጨረሻ ሰውዬው ጺማቸውን ጠረጉና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይህች ሴትዮ በገዛ አፌ አሰረችኝ!» አሉ። «ከአፌ የወጣ ምርቃት መልሼ አልውጥም። ትደግ ልጅቷ!»

አባቴ ያን ሰሞን እናቴን አኮረፋት። መስከረም ጠብቶ አምቦ ስሄድ ግን ሳጥኔን ተሸክሞ አይሱዙው ድረስ የሸኘኝ እሱ ነው። መኪናው ሲነሳ በእጁ ጎኑን መታ መታ አድርጎ «ጉደዱ» አለኝ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። አምቦ እስክንደርስ አለቀስኩ።

አድጌ አዋላጅ ነርስ ሆንኩ። እናቴ ግን ሸነን ውስጥ «አዴ ማርቃ» ሆና ቀረች። ልጅ አዋቂው ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት፣ ጥሪውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «አዮ፣ የእውነት ግን ያኔ ምረቃን ማርቃ ብለሽ ሰምተሽ ነው?» አልኳት።

እናቴ ሞኝ ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ አየችኝ። «ከእነዚያ ከደቡብ ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር ያን ሁሉ ዓመት በቅቤ ዋጋ ስከራከር በምን ቋንቋ ነበር የምከራከረው?» አለች። «አንዲት ኦሮምኛ የማይችሉ!»

ለካስ አማርኛውን ያኔም አሳምራ ታውቀው ኖሯል! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷስ ዝምታ ይኸው ፍሬ አፍርቶ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሰው ያዋልዳል። እኔ እንዳልዳር ብላ፣ ያን ሁሉ ዘመን እንደ መሃይም ሲስቁባት «ኧረ አውቃለሁ» አላለችም፤ ለእኔ እንኳ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩት። «ተይ፣ ተይ» አለችኝ፣ «ይልቅ የገብስ ዱቄቱን አስቢበት።»

ዱቄቱን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ኬኩን ሌሎቹ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔና እናቴ በጣባ ማርቃ ይዘን እንገባለን። የሚስቅ ይሳቅ።