ምስክር ያስፈለጋት ኮብላይ

ሰው ሲኮበልል በሌሊት፣ በመስኮት ዘሎ ነው። ቀሚስ ሰፊዋ ግን በቀን፣ በበር፣ በሕግ መኮብለል አማራት። «ተደብቄ የሰው ቤት አልገባም፤ ፈርሜ ነው የምሄደው» አለችው ፍቅረኛዋን፣ በያጁን። እሱም የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ «አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት። ምን ይበል፤ ወዶ ነዋ!

የምትሸሸው ከታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ፣ የስፌት መኪናውን የገዛላት እሱ። አሁን ደግሞ ለአለቃው፣ ለጭነት መኪኖቹ ባለቤት ሊድራት ቃል ሰጥቷል። ጎረቤቶች ክፉ ሰው አይደለም ይሉታል። አንድ ጊዜ ቃሉን ያጠፈበት ሾፌር ነበር፤ ያ ሾፌር ዛሬም በግራ እጁ ነው የሚጎርሰው።

ሕጉ ብዙ አልጠየቃቸውም። መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ ላጤ ለመሆናቸው ማረጋገጫ፣ ከዚያ ከየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር። በያጁ ሁለቱን ከጋራዡ አገኘ። እሷ ግን ከስፌት ቤቱ ሌላ ማንን ታውቃለች? አንዷ ቁልፍ ተካይ ጓደኛዋ ሆነች። ሌላዋን ስታወጣ ስታወርድ ከርማ ልብስ ተኳሿን መረጠች። በካውያ እንፋሎት ያረጁ፣ ሐሰት በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴት ናቸው። ስህተቷም ይኸው ነው፤ እውነተኛ ሰውና ምስጢር ጠባቂ ሰው አንድ መሰሏት።

«እትዬ፣ አደራ» አለቻቸው።

«አደራ በልቼ አላውቅም። ግን ምስክር ምን ብሎ ነው የሚምለው?»

«ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የለም ብሎ ነው። ሌላ ትዳር የላቸውም፣ አይዛመዱም...»

ተኳሿ ካውያውን አቆሙ። «እንዲያ ከሆነ አጣርቼ ነው የምምለው» አሉ። ልጅቷ ሳቀች። ጨዋታ መሰላት።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ልጅቷ እናት ሄዱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ! «ልጅሽና ያ በያጅ በሩቅም ቢሆን አይዛመዱም አይደል? ልምልላቸው ነውና እንዳላብል» ብለው ጠየቁ። እናትየው ፊታቸው አመድ መስሎ «አይዛመዱም» አሉ። ተኳሿ አመስግነው፣ ልባቸው ቀሎት ተመለሱ። ወንድምየው ጓዳ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቀሚስ ሰፊዋ ይህን አልሰማችም። ያየችው የወንድሟን መለሳለስ ብቻ ነው። ስትዘገይ በር ላይ ቆሞ የሚቆጣት ሰው «ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» ማለት ጀመረ። እናቷ ደግሞ ዓይኗን ማየት ተዉ። ፈራች። «የፊርማውን ቀጠሮ እንለውጠው ይሆን?» ብትለው በያጁ «ነገ አይደል እንዴ! አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ብሎ ሳቀባት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጠዋት መዝገብ ቤቱ ስትደርስ ምስክሮቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ተኳሿ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። የጋራዡ ሰዎች በያጁን ከትናንት ማታ ጀምሮ አላዩትም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ወንድሟ ገባ፤ ረጋ ብሎ፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቶ። የበያጁን መታወቂያ መዝጋቢዋ ፊት አስቀመጠ።

«ሐሳቡን ለውጧል፤ አይመጣም» አለ።

መዝጋቢዋ ግራ ገብቷት ልጅቷን አየቻት። «ቀጠሮውን ልሰርዘው?»

ተኳሿ ማልቀስ ጀመሩ። «እኔ እኮ እንዳላብል ብዬ ነው እናትሽን የጠየቅሁት» አሉ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። በሳቸው መቆጣት እንኳ አልቻለችም፤ ፍርሃቱ ለሌላ ነገር ቦታ አልተወላትም።

«ጋሼ» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «በሕይወት አለ?»

ወንድሟ ክንዷን ይዞ ቀስ አድርጎ አስነሳት።

«ነይ እህቴ፣ እንሂድ። አለቃዬ ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀሽ ነው» አላት።