የቁጥር ዶክተሩና የፎገራዋ ላም

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይሸሽ ነው። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ገጠር ዞሬያለሁ፤ ያን ቀን ያህል የፈራሁበትም የሳቅሁበትም ግን የለም። ዛሬም ሥራ ሲሰለቸኝ የማስበው እሱን ነው።

የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ ነኝ፤ የፎገራ ከብቶችን ዘረመል አጠናለሁ። ላሚቱን መውጋት አያስፈልገኝም። ከጭራዋ ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ ነቅዬ ወደ ቤተ ሙከራ እወስዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ዶክተር አዲሱ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነው። ጥናቱ ፈንክሽን ላይ ነው፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው አብሮ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጽ ሕግ ማለት ነው። እኔ ከፀጉሩ ያገኘሁትን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ያንን ከላሟ የወተት መጠን ጋር የሚያያይዝ ፈንክሽን ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን "ፈንክሽን ከምትፈልግላቸው ላሞች ቢያንስ አንዷን እያት" ብዬ ጎትቼ ወሰድኩት።

ወረታ ላይ ባጃጅ ያዝን። ጭቃው ሲብስ ባጃጁ አወረደን፤ የቀረውን በሩዝ ማሳው ዳር ዳር በእግር ሄድን። ቀጠሯችን ከእማማ ጥሩወርቅ ጋር ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአንዲት ላምና በትንሽ የሩዝ ማሳ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

ስንደርስ በራቸው ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አገኘናቸው። ላሟ ከማለዳ ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ለእንስሳት ሐኪሙ ደውለውለት ነበር፤ ግን ሌላ ከብት ሊያክም ተሻግሮ ወንዙ ሞልቶበታል። ጎረቤቱ ሁሉ ይፋግ ገበያ ሄዷል።

"ዶክተር፣ ምን ይሻላል?" አልኩት አዲሱን ደንግጬ።

እማማ ጥሩወርቅ ይህቺን ቃል ሰሙ። "እመቤቴ ናት የላከችዎ!" ብለው እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

"ኧረ እናቴ፣ እኔ የቁጥር ዶክተር ነኝ።"

"የቁጥርም ይሁን የምን፣ ዶክተር ዶክተር ነው። ይግቡ!"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ስለ ላም ዘረመል ቀኑን ሙሉ ማውራት እችላለሁ፤ ላም ስትወልድ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ላሟ በረቱ ውስጥ ተኝታ ታቃስታለች። ከኋላዋ ብቅ ያለችው አንዲት ትንሽ ኮቴ ብቻ ናት።

አዲሱ ጎንበስ ብሎ ኮቴዋን አያት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሰጠኝና የሸሚዙን እጅጌ እስከ ትከሻው ጠቀለለ።

"ሳሙናና ለብ ያለ ውኃ ይስጡኝ፣ እናቴ። የጥጃው አንድ እግር ታጥፎ ቀርቷል። ገበሬው አባቴ እንዲህ ያለውን ሲያወጣ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም አግዤዋለሁ። እንደሚሳካልኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። ላሟ ባማጠች ቁጥር ክንዱን ስትጨምቀው ፊቱ ይጨማደዳል፤ ግን አላወጣውም። ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፋ እያደረገ የታጠፈውን እግር ይፈልጋል። "አገኘሁት!" ሲል ሁለተኛዋ ኮቴ ወጣች።

እግሮቹን በገመድ አስረን እኔና እማማ ጥሩወርቅ ያዝን። "ስታምጥ ብቻ ሳቡ! ስታርፍ እረፉ!" ይላል አዲሱ። እማማም "በርታ ልጄ! አንቺም ሳቢ እንጂ!" ይላሉ። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

ጥጃዋ ድንገት ሸርተት ብላ ወጣች። እኔ ከነገመዱ ወደ ኋላ ተንጋልዬ ጭቃው ውስጥ ወደቅሁ።

ግን አትተነፍስም። እማማ ጥሩወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከቦርሳዬ ንጹሕ ፋሻ አውጥቼ አፍና አፍንጫዋን ጠረግሁላት፤ አዲሱ ጎኗን በጭድ ያሻታል። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ሣር ወደ አፍንጫዋ ከተተ። አስነጠሰች! የእማማ ጥሩወርቅ እልልታ ሜዳውን አናጋው።

ተጣጥበን፣ እርጎ ጠጥተን ልንሄድ ስንል የመጣሁበትን ጉዳይ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። "ፀጉሩስ? ከእናቲቱም ከልጂቱም ውሰጂ እንጂ" አሉኝ እየሳቁ።

ወረታ ተመልሰን መኪና ስንጠብቅ አዲሱ ጎጃም ላሉት አባቱ ደወለ። "አባባ፣ ዛሬ ጥጃ አስወለድኩ" አለ። ሽማግሌው ልጃቸው ምን እንደሚሠራ ለጎረቤት ማስረዳት ሁልጊዜ ያቅታቸው እንደነበር አዲሱ ኋላ ነግሮኛል። ድምፃቸው ለኔም ይሰማ ነበር፦ "ተመስገን! ዛሬ ገና የሚገባኝ ሥራ ሠራህ!" አዲሱ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ።

ጥናታችን አላለቀም። አዲሱ የሚፈልገው ፈንክሽንም ገና አልተገኘም። የእናቲቱን ወተት መዝግበናል፤ የልጂቱ ቦታ አድጋ እስክትታለብ ድረስ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መዘግየት ያናድደኝ ነበር። ይህቺን ግን ደስ እያለኝ እጠብቃታለሁ።