ግራኙ የሞረደው ዘንግ

ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በጣሊያን ጊዜ የጭነት ማኪና ያድርበት በነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ክንዱ የሚባል መካኒክ ይሠራ ነበር። የገበሬ ልጅ ነው። ብረት በመንካቱ ግን አባቱ ከርስት ለይተውታል፤ ዘመድም ድግስ ሲጠራው ከበሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ያኔ እንዲያ ነበር፤ ከብረት ጋር የሚውል ሰው ዓይኑ ይፈራል። እጁ ግን ሸጋ ነበር። ግራኝ ስለሆነ ሞረድ ሲይዝ የሚያየው ሁሉ ይስቅበታል፤ ሥራውን ሲያይ ደግሞ ዝም ይላል።

ሚስቱ አባይነሽ የሳንጃ ልጅ ናት። ብረት ሠራተኛ ማግባቷን የሚነቅፉባትን ሁሉ በአንድ ቃል ታስቆማቸው ነበር፦ «እኔ የየሻው እህት ነኝ።» የሻው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አርበኛ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ የጣሊያን ካፒቴን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይዞት፣ በገበያው መሐል ሰቀለው።

ስለዚያ ቀን ጎንደር የሚያውቀው እንዲህ ነው። ካፒቴኑ ምሳ ላይ ሳለ የሻውን ሊይዝ እንደሚወጣ ወጥ ቤቱ ሰማ፤ ለአርበኞቹ ሰዎችም አስነገረ። አድማሴ የሚባል፣ በእግሩ የታወቀ ጎልማሳ የሻውን ሊያስጠነቅቅ በአቋራጭ ተላከ። የካፒቴኑ ማኪና አቀበቱ ላይ እያቃሰተችና እየቆመች እንደምትወጣ ሁሉም ያውቃል፤ አድማሴ ሰላምታ ሰጥቶ ውሃ ጠጥቶም ይቀድማታል ተባለ። አልቀደማትም። ሲደርስ የሻው ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲያ የአድማሴ ነገር አለቀ። መንገድ ላይ ጠላ ቤት ገብቶ ነው አሉ። እጮኛውን ከለከሉት፤ ማኅበር አስወጡት፤ ኋላ ቁስቋም መቃብር ቆፋሪ ሆነ። አባይነሽ በመንገድ ስታገኘው ፊቷን ወደ ግንብ ታዞራለች። አንድ ጊዜ ከቤቷ ደጅ ቆሞ ውሃ ቢለምን፣ «ጠላ ቤቱ ወዲያ ነው» አለችው። ክንዱም ያን ጊዜ ከውስጥ ተቀምጦ ሰምቷል፤ ስቋልም።

በአርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ ቀኛዝማች በላቸው ከአስመራ አንዲት ክፍት ማኪና ገዝተው መጡ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም ማኪና ናት። አካሏ ከአንዷ፣ ሞተሯ ከሌላዋ የተገጠመ መሆኑን የሸጠላቸው ሰው ነግሯቸዋል። ችግሯ፣ በቀስታ ስትነዳ ትታነቃለች፤ ከተማ ውስጥ እየጠፋች ሰው ታስቅባቸዋለች። ክንዱ ላይ ላዩን አይቶ፣ ካርብራቶሯን አጥቦ መለሰላቸው። አልተሻላትም። በሳምንቱ ከአስመራ ያለፈ አንድ መካኒክ ሞተሯን ፈታና ውስጧ ያለው አልበሮ የፋብሪካዋ አይደለም አለ። አልበሮ የሚሉት እንደ እንቁላል የሾጠጡ ጉብታዎች ያሉበት ረጅም ዘንግ ነው፤ ሲዞር ጉብታዎቹ የሞተሩን ቫልቮች እየገፉ ይከፍታሉ፤ ሞተር የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ሰውየው መንገደኛ ነበርና ይህን ተናግሮ ሄደ። ለቀኛዝማች ግን በቃቸው፤ ከአስመራ ወዲህ ማኪናዋን የነካ ክንዱ ብቻ ነው፤ ዋናውን ሰርቆ ይህን ተካበት አሉ።

ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ክንዱ ቁስቋም ደጅ ቆሞ ልማል አለ። ቀኛዝማች ሳቁ።

«የብረት ሠራተኛ መሐላ ለኔ መሐላ አይደለም» አሉ። «ንጹሕ ከሆንህ ይህ ዘንግ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ ንገረኝ። እስከ ቁስቋም በዓል። ካልሆነ እስር ቤቱ ሩቅ አይደለም።»

በዓሉ ኅዳር ስድስት ነው፤ ስምንት ቀን ቀርቶታል። አባይነሽ ማታውን ሳትቀመጥ አመሸች። «የየሻው አማች ሌባ ተብሎ ሲታሰር አላይም» አለችው፤ «ፈልገህ አግኘው፤ ከብረት ጋር ትነጋገራለህ ይሉህ የለም?»

ክንዱ ዘንጉን አወጣው። ከውራጅ ብረቱ መሐል የዚያው ዓይነት ሞተር የነበረ አንድ ያረጀ ዘንግ ነበረው። ጧፍ አቅልጦ ሰሙ ሳይደርቅ የሁለቱንም ጉብታዎች አትሞ አነሣ፤ በቢላዋ ቆርጦ ጎን ለጎን አቆማቸው። የቀኛዝማቹ ጉብታ በአንድ የገብስ ፍሬ ውፍረት ይበልጣል፤ ጎኑም ሰፋ ያለ ነው። ገባው። ይህ ፋብሪካ ያወጣው ሳይሆን ለግልቢያ ተብሎ ለብቻው የተሠራ ነው፤ ቫልቮቹን በሰፊው ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ያቆያቸዋል። በቀስታ ሲሄድ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ሲያስጮኹት ግን ያበርረዋል።

ቀጥሎ ጉብታዎቹ የሚገፏቸውን የብረት ኩባያዎች አየ። ኩባያዎቹና ጉብታዎቹ እንደ ወፍጮና እንደ መጁ ተበላልተዋል፤ የአንዱ ጉድጓድ የሌላውን ጎን ያውቀዋል። እንዲህ ለመሆን የዓመታት ጉዞ ያሻል። ክንዱ ደስ አለው፤ ዳነ። ጫፉን በላምባ ሲያጥበው ደግሞ የቶሪኖ ከተማ ስምና የፈረንጅ ዓመት ወጣ፤ በእኛ ሠላሳ ነው።

ጨርቁን አርሶ አንድ ጊዜ ጠረገው። ዘንጉ ከማርሹ ጋር በሚቆለፍበት ቦታ አንዲት ቦይ አለች። በሞረድ ሰፋ ተደርጋለች። የሞረዱ ጭረት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።

ክንዱ ቁጭ አለ።

ሞረድ እንደ ጽሕፈት ነው፤ ሰው የገዛ እጁን ያውቃል። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ በዚያው የቆርቆሮ ቤት ለጣሊያኖች ይሠራል። ለካፒቴኑ ከአገሩ ይህ ዘንግ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ መጣለት፤ አስመራ ላይ ሊወዳደርበት ነው ተባለ። ቦይዋ ጠበበች፤ ጣሊያኑ መካኒክ ጣቱ ቆስሎ ስለነበር «አንተ ሞርዳት» አለው። ግማሽ ቀን ሞረዳት። ማኪናዋ ተነሥታ ስትጮህ ካፒቴኑ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አንድ ቆርቆሮ ማርማላታ ሰጠው። ጣፍጦት ነበር። ካፒቴኑ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የወጣው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ አያውቅም። ሰው የማይፈልገውን ሒሳብ አይደምርም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቁስቋም ወጣ። አድማሴ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ይቆፍራል። ክንዱ ከአፋፉ ቆሞ፣ «አያ አድማሴ» አለው። ሰውየው ዶማውን አቆመ፤ አያ ብሎ የጠራው ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜው ነው።

«ምነው? የሞተ አለ?»

«የለም። ያን ቀን... ማኪናዋ ስታልፍ አይተሃት ነበር?»

አድማሴ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሊዘባበትበት የመጣ መስሎት ነበር።

«አላየኋትም፤ ሰማኋት» አለ በኋላ። «ከበላዬ፣ በጠመዝማዛው ላይ። ትጮህ ነበር። እንደ ቀድሞዋ ማቃሰት አይደለም፤ ልክ እንደ ቆሰለ ጅብ። አንድ ጊዜም አልቆመችም። እኔም ዱላዬን ጥዬ ሮጥሁ፤ ደም እስክተፋ። ይህን ተናግሬአለሁ። ጠላው ነው የጮኸብህ አሉኝ።» ዶማውን አነሣ። «አንተ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ምን ታደርግልሃለች?»

ክንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁለቱን ወረደ።

ቤቱ ገብቶ ዘንጉን እያገላበጠ ሦስት ቀን ቆየ። ዘንጉ አሮጌ ነው ብሎ ኩባያዎቹን አሳይቶ መዳን ይችል ነበር፤ ግን ቀኛዝማች ማን አስገባው ማለታቸው አይቀርም፤ ያችን ግራ ጭረት ደግሞ አንድ ሞረድ የያዘ ሰው ቢያያት ባለቤቷን ያውቃል። ያን ጊዜ አሁን ሰርቆ የቀየረው ይባላል። ሞርዶ ሊያጠፋት አንድ ጊዜ ሞረዱን አነሣ። ከዚያ በጉድጓድ ውስጥ የቆመው ሰው ታየውና መልሶ አስቀመጠው። አባይነሽ አገኘኸው ወይ ስትለው አግኝቼዋለሁ አላት፤ የማን ነው ስትለው ግን ከሽማግሎቹ ፊት ትሰሚዋለሽ አለ። እሷም ክብር መስሏት ነጠላዋን አጥባ ጠበቀች።

በበዓሉ ዋዜማ ሽማግሎቹ በጋራዡ ደጅ ተቀመጡ። ክንዱ አድማሴን ራሱ ሄዶ ለምኖ አምጥቶታል፤ አድማሴም ለብቻው ራቅ ብሎ ቆመ። ክንዱ ሰሙን አሳየ፣ ኩባያዎቹን አሳየ፣ የቶሪኖን ማኅተም አሳየ። ቀኛዝማች አጎንብሰው አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቦይዋን አሳየና፣ በዚያው በግራ እጁ አንድ ቁራጭ ብረት ከፊታቸው ሞርዶ አጠገቧ አኖረው።

«የካፒቴኑ ሞተር ነው» አለ። «ይህን ዘንግ የሞረድሁት እኔ ነኝ። አምባ ጊዮርጊስ ከመውጣቱ በፊት። ማኪናዋ አልቆመችም፤ አያ አድማሴም አልቆመም። ሰው በእግሩ ሊቀድማት አይችልም ነበር።»

ቀኛዝማች መጀመሪያ ተነሡ። ነገሩ የእሽቅድምድም ዘንግ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ ነበርና፣ እንግዲያው በደንብ መልሰህ ግጠመው፤ ሌባ አይደለህም ብለው ሄዱ። ሽማግሎቹም አንዱ ሌላውን እያየ ተነሡ። አድማሴ የቆመበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ እግሮቹን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

አባይነሽ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ጣፈጠህ?» አለችው።

«ምኑ?»

«እንጃ። የሆነ ነገር ሰጥተውህ ይሆናላ።»

ክንዱ መሬቱን አየ። ማርማላታውን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ዝምታው ግን መለሰላት።

በቁስቋም ዕለት፣ ሕዝቡ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ፣ አባይነሽ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከአድማሴ ጎጆ ደጅ ተንበረከከች። የበደለ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ብቻ ነው። አድማሴ ወጣ። ድንጋዩን አንሥቶ ወዲያ አደረገውና፣ «ውሃ አምጪልኝ» አላት። አመጣችለት። ጠጣ።

ክንዱም ከኋላዋ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ነበር። አድማሴ አየው፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«የኔን ስም በአደባባይ መልሰህልኛል» አለው። «የቀረው የሷ ነው። ወደሷ ውሰደው።»

ክንዱ ቀና ሲል አባይነሽ የለችም። እንደ ጎበጠ፣ ከበዓል የሚመለሰው ሰው መንገድ እየለቀቀለት፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ቤቱ ደረሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። የልብሷ ሣጥን ከቦታው ተነሥቷል፤ ጎረቤት፣ ወደ ሳንጃ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ወጣች አለችው። ከደጃፉ ላይ ተንበርክኮ እስኪመሽ ቆየ። ኋላም የሚያወርድለት ስላልነበረ፣ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደው።