ባለ ቋጠሮው ገመድ

ባለፈው ሳምንት አባቴ ጭድ ሊያስር ገመድ ሲፈልግ ከጓዳ ይህን ባለ ቋጠሮ ገመድ አወጣ። ቋጠሮዎቹን መፍታት ሲጀምር ከእጁ ቀማሁት። በአባቴ ላይ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እሱም ሌላ ገመድ ፍለጋ ሄደ። ገመዱ እስካሁን የሐይቅ ጭቃ ይሸታል፤ ወይም ለእኔ ብቻ ይሆናል የሚሸተኝ።

ገመዱ የታላቅ ወንድሜ የሰይድ ነው። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከማክሰኞው ልጀምር፤ ምንም ያልሆነበት የመጨረሻው ቀን እሱ ነው።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከውጫሌ ወደ ደሴ፣ አክስታችን ዘንድ እየሄድን ነበር፤ የምንመለሰው ሐሙስ ነው። የሚኒባሱ ሾፌር ደምሴ የመንደራችን ልጅ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ዓሣ ሳይበላ አያልፍም። “ግማሽ ሰዓት!” ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ሰይድ መምህርነት የተማረው እዚያው ስለነበር ከተማውን እንደ ቤቱ ያውቀዋል። እኔ ግን በመስኮት ከማየት በቀር ወርጄበት ስለማላውቅ ዓይኔ ማረፊያ አጣ፦ ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው እየተከራከሩ የሚሄዱት የኮሌጁ ተማሪዎች፣ በባጃጅ መስታወት ጠጉሩን የሚያበጥረው ልጅ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ብልጭ እያለ የሚጠፋው ውሃ።

ሦስታችንም አንድ ትሪ ከበብን። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ደምሴ የክርስቲያኑን፣ እኛ የእስላሙን ብለን እንለያይ ነበር፤ ዓሣ ግን ማንም ባርኮ ስለማያርደው እኛ አገር አብሮ ያስቀምጣል።

“አንተ ሰይድ፣ ጭንቅላቱን ለታናሽህ ተውለት እንጂ፤ አንተማ ተምረህ ጨርሰሃል!” አለ ደምሴ።

“ኧረ እሱ ጭንቅላት አላነሰውም፤ ያነሰው ማመን ነው” አለ ሰይድ።

ነገሩ የቆየ ነው። ልጆች ሳለን ከቤታችን በላይ ካለው ጋራ ወጥተን፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ሐይቁን ከሩቅ እናየው ነበር፤ የተረሳ ሰሐን ይመስላል። እኔ ሐይቁ ታች የለውም እል ነበር። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ብቻ ድንጋይ ብትጥልበት እስከ ዛሬ እየወረደ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰይድ ደግሞ “ታች የሌለው ዕቃ ውሃ አይዝም” ይለኛል። “ማን ለክቶት?” እለዋለሁ። በዚህ ስንቴ ተጣልተናል፤ አንድ ጊዜማ እናታችን እራት የከለከለችን በዚሁ ነው። ኮሌጅ ሲገባ “በል እንግዲህ ለካው” ስለው፣ “ብቻዬን ብለካው አታምነኝም” አለኝ።

ዓሣውን ሳንጨርስ ሰይድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ውሃው በኩል ጠፋ። ደምሴ ጥሩንባውን ሦስቴ ከነፋ በኋላ መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ከቦርሳው የገመድ ጫፍ ወጥቷል።

“ምን ስታደርግ ነው?”

“ሐሙስ ስንመለስ ታየዋለህ። እስከዚያ አስበው።”

እስከ ደሴ ድረስ አሰብኩ። ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ገመዱ ግን አልገባኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሰይድ ወደ ገበያ ሲወርድ የተሳፈረበት ባጃጅ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ያመጣነው በደምሴ መኪና ነው። ሐይቅ ስንደርስ ደምሴ አልቆመም። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ቀበርነው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሰዉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ዱዓ ሲያደርግ ከቦርሳው ገመዱን አወጣሁ፤ ቋጠሮዎቹን ሳይ ነገሩ ገባኝና ሹልክ አልኩ። ወንድሙ ትናንት ተቀብሮ ዛሬ ከለቅሶ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ አጎቴም በኋላ አልማረኝም። ደምሴ የት ነው ሳይለኝ ሐይቅ ወሰደኝ።

ከዓሣ ቤቱ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

“ያ የማያምነው ወንድሙ አንተ ነህ? እሱስ?” አሉኝ።

ደምሴ ነገራቸው። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ማክሰኞ ውሃ ላይ ሳሉ ሰይድ ሱሪውን እንኳ ሳይጠቀልል እየተጣራ እንደገባባቸውና ለሐሙስ እንደቀጠራቸው አጫወቱኝ። ታንኳው ውስጥ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ነበር። “እሱ ነው የመረጠው” አሉ። ከዚያ መቅዘፊያቸውን አንስተው፣ “ግባ” አሉኝ።

ከዳር ርቀን ስንቆም ድንጋዩን ከገመዱ ጋር አስሬ ለቀቅኩት። ሰይድ በራሱ ክንድ እየለካ ቋጥሮት ስለነበር ቋጠሮዎቹ መዳፌን እየነኩ ሲያልፉ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። እንዳያልቅ ፈልጌ ነበር። አርባ አንድ ላይ ገመዱ ረገበ።

“ታች አለው” አልኩ። ሽማግሌው የሚነገረው ለእሳቸው እንዳልሆነ ገብቷቸው ወደ ሌላ አዩ።

ዳር ስንወጣ ክርኔን አንዱ ቋጠሮ ላይ አድርጌ ክንዴን በገመዱ ላይ ዘረጋሁት። ወደሚቀጥለው ቋጠሮ ለመድረስ አራት ጣት ጎደለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአባቴ እጅ ከቀማሁት በኋላ እንደገና ለካሁ። የሰይድን ክንድ ለመድረስ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶኛል። ከእንግዲህ አልለካም።