ላላ አድርገህ ያዘው

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ በሄድኩ ቁጥር ስለ መጠጡና ስለ ክፉ ምላሴ አውርቼ እመለሳለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ይቀለኛል።

ቡታጅራ ገበያው አጠገብ ሸምሱ የሚባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሃምሳ አለቃ ነኝ። የሸምሱ እህት ሰርግ እንሴኖ ሲደገስ፣ አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ መተኮሱ ለእሱ ደረሰ። የአባቱን ሽጉጥ ይዞ መጣ። "ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ነገር ይራገጣል አሉኝ። እጄን ቢጎዳው በምን ልሰፋ ነው? ርግጫው የሚቀንስበትን መላ ንገረኝ" አለኝ።

አላውቅም ብል ምን ነበረበት? እኔ የተሸከምኩት ክላሽ ነው፤ ሽጉጥ ተኩሼ አላውቅም። ግን ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ እያለ ነው የሚጠራኝ። "ላላ አድርገህ ያዘው" አልኩት። "ከጨበጥከው ይመታሃል። እጅህም አብሮት ይሂድ።" ክንዱን ይዤ አሳየሁት፣ እኔ ብሎ አዋቂ።

የሰርጉ ቀን አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሙሽራዋ ስትወጣ አንድ ተኮሰ፤ እልልታው ቀለጠ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ሽጉጡ የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ ሳይተፋ ነክሶ ቀርቷል። ሸምሱ ደንግጦ በግራ እጁ አፈሙዙ ጋ ይዞ ሲታገለው፣ ቀኝ ጣቱ ቃታው ላይ እንዳለ ሽጉጡ ቀለሁን ለቀቀና ባረቀበት። ግራ መዳፉን በሳው፤ ጨርቁን የሚመራበትን እጅ።

ወልቂጤ ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ ለተቀመጠ ፖሊስ ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ አወራሁት። ሳቀ። "እሱ ሽጉጥ ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው እኮ በዚያው በርግጫው ጉልበት ነው። እጅ ከላላለት ይነክሳል። ርግጫውንም የሚያበርደው ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው" አለኝ። ቀሪውን መንገድ ለሸምሱ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ እያልኩ ሄድኩ።

ዘመዶቹ "መታየት ፈልጎ ነው" እያሉ ያሙታል። እሱ የእኔን ስም ለማንም አላነሳም። ብቻችንን ስንቀር ቀስ ብሎ፣ "እንዳልከኝ ሳላላላው ቀርቼ ይሆን? በደስታ ሳላውቀው ጨብጬው ይሆናል" አለኝ።

እኔስ? እኔ አፌን ከፍቼ "አዎ፣ ጨብጠኸዋል፤ አይቼሃለሁ" አልኩት።

ምክሩን የሰጠሁት ሳላውቅ ነው ልበል። ይሄንንስ? ይሄንን አውቄ ነው ያደረግኩት፣ ቆስሎ አልጋ ላይ ላለ ሰው፣ ያውም ስሜን ለሸሸገልኝ ሰው።

አሁን ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ሚስቱ ዘሃራ ናት። እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ የልብስ ቁልፍ ይለቅማል። አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ማለት የሚችለው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ምን እንዳደረግኩት አያውቅም። ሳልፍ ባየኝ ቁጥር፣ "አንተማ ነግረኸኝ ነበር፣ ሃምሳ አለቃ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ" ይለኛል።

ዛሬ ጠዋትም አለኝ። አይዞህ ብዬው አለፍኩ።